የእትዬ ጠርሙስ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት

ይሄን ስጽፍ ደሜ እየፈላ ነው። ረጋ ብለህ ጻፍ የሚለኝ ካለ፣ እሱ ረጋ ብሎ ይጻፍ።

እትዬ ጠርሙስ የቤተ ሙከራችን ሠራተኛ ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ የመሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፣ ከእጄ ይልቅ አፌ ይፈጥናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች የቀላቀሉትን ሲያጣሩ ኖረዋል። ቁመታቸውን በሚያክል የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ነጭ ዱቄት ይሞላሉ፣ ድፍርሱን ከላይ ያፈሳሉ፣ ከዚያ ቀለም ከቀለም ተለይቶ እስኪወርድ ቆመው ይጠብቃሉ። ዶክተር ተብዬዎቹ ተቀምጠው ያስባሉ፣ እሳቸው ቆመው ያስባሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የምንሠራው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ሽፋን ነው። ጣሪያ ላይ እንደምታዩት ያለ ከባድ ሰሌዳ አይደለም፤ ከትንንሽ የካርቦን ሞለኪውሎች የሚሠራ፣ እንደ ቀለም የሚቀባ ነገር ነው። ሞለኪውሎቹ ገላቸው ጠፍጣፋ ነው። ተደራርበው ከተኙ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከተጣመሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ፈሳሽ ውስጥ እንዲሟሙ ደግሞ ጭራ ይተከልላቸዋል። የእኛ ዶክተር ጭራውን ወገባቸው ላይ ተክሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ከስምንት በመቶ ፈቀቅ አላለም። ከመቶ እጅ ብርሃን ስምንቱን ለውጦ ዘጠና ሁለቱን ያባክናል ማለት ነው።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እትዬ፣ "የጭራው ቦታ እዚያ አይደለም" አሉ። "ስናቀዘቅዘው ሁልጊዜ እንደ ሊጥ ነው የሚሆነው። ገላው ተመችቶት ቢደራረብ ኖሮ ጠጠር ይሠራ ነበር። ወገቡን ልቀቁለትና ጭራውን ጫፍና ጫፉ ላይ አድርጉት። ቅርንጫፍ ያለውን።"

ዶክተሩ ሳቀ። አንቱ የምለው ፊቱ ስቆም ብቻ ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይማ ሞቼ እገኛለሁ! "እትዬ፣ ማጣራቱን ይያዙልን፤ ማሰቡን ለእኛ ይተዉት" አለ። ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አልደብቅም።

እሳቸው አልተቀየሙም። በምሳ ሰዓታቸው፣ ከሌሎች በተረፈ ኬሚካል፣ አምስት ወር ሙሉ ሠሩት። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይዘው ወደ እኔ ክፍል መጡ፤ ሥሯ ላይ ሊጥ ሳይሆን የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቅርፊት ተኝቷል። ሽፋኑ መስታወት ላይ ተቀብቶ ሲያልቅ፣ ፀሐይን በሚያስመስለው መብራት ሥር አስቀምጬ ለካሁት። አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። ቤቱ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "ድገመው እስቲ" አሉኝ። አምስት ጊዜ ደገምኩት።

ዶክተሩ መሳቁን ተወ። በሁለተኛው ቀን ለብቻዬ ጠራኝና፣ "ሥራችንን ለማቀርብበት ጉባኤ አሥራ ሦስት ያስፈልገኛል። ያቺን ቆርቆሮ አንሳትና ለካ" አለኝ።

ቆርቆሮዋ ጥቁር ናት፤ መሃሏ ላይ ከምስር የምታንስ ቀዳዳ አለች። ብርሃኑ በዚያች ቀዳዳ ብቻ እንዲገባ ታደርጋለች። እሷን ካነሳህ ከጎን የሚገባው ብርሃን ሁሉ ይጨመርና፣ ሽፋኑ ያልሠራው ሥራ ይቆጠርለታል። ይሄን የማያውቅ የሙያችን ሰው የለም። አነሳኋት። ለምን አትበሉኝ፤ አለቃዬ ነው፣ ፈራሁ። አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ወጣ።

ጉባኤው አጨበጨበ። እትዬ ቁጥሩን እንደሰሙ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

"ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው አሥራ አንድ ነጥብ ስድስትን ነው። ቆርቆሮዋ ነበረች?"

"ነበረች፣ እትዬ" አልኳቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

አመኑኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ስላመኑኝ፣ ለጉባኤው የተለካው በደንብ የጠራ ሌላ ናሙና፣ የቀረው ሁሉ ግን በእጃቸው ስህተት የተበላሸ መሰላቸው። እንደገና ማጣራት ጀመሩ። ባጣሩ ቁጥር ያመጡልኛል፤ እኔ ከይሲው ቆርቆሮዋን ቦታዋ መልሼ እለካላቸዋለሁ። አሥራ አንድ ነጥብ አምስት። አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ማሟሚያው ፈሳሽ ጣታቸውን ሰነጣጠቀው።

"ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ" አሉኝ አንድ ጠዋት። "ቀለሙ የሚለይበትን ቦታ እያሳለፍኩት ነው። ጡረታ ብጠይቅ ይሻላል።"

እኔ አንድ ፓምፕ የምጠግን መስዬ አቀረቀርኩ።

ከዚያ ናሙናው የተላከለት ሌላ ቤተ ሙከራ ደብዳቤ ጻፈ። ደጋግመን ለካን፣ ከአሥራ አንድ ነጥብ ስድስት አያልፍም ይላል። ዶክተሩ ሁላችንንም ሰበሰበና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "የናሙናው ጥራት ነው። ችግሩ እትዬ ጋ ነው" አለ።

እትዬ ከወንበራቸው ተነሱ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "እጄ ከዳኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ሃያ ሁለት ዓመት ማንንም ያልከዳ እጅ! ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"እጃቸው ምንም አልሆነም!" ብዬ ጮህኩ። "ቆርቆሮዋን ያነሳሁት እኔ ነኝ! አንሳ ያለኝም ይሄ ሰውዬ ነው!"

ዶክተሩ "ምን ይቀባጥራል ይሄ?" ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። እኔ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፣ እትዬ እጄን ይዘው የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

እሳቸው በሩን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።

"እሱ እንደሚዋሽማ አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "አንተን የጠየቅኩህ ለዚያ ነበር።"