የፋቅኳት ጋጋኖ

ሱሉልታ የሚገኘውን የቤታችንን በር የፋቅኩት እኔ መሆኔን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከመፋቄ በፊት የተናገርኳትን አንዲት ቃል ግን ከእትዬ ብርቄ በቀር የሰማ የለም፤ እሳቸውም ረስተዋት ይሆናል። እኔ አልረሳኋትም። እናንተ የምታነቡኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ ይቅር አትበሉኝ።

ኦቦ ገመቹ ታፔላ ሠሪ ነበሩ። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የፀጉር ቤቱ ጎፈሬ የእሳቸው እጅ ነው። ከመንደራችን በታች ያለው ረግረግ በወፍ የተሞላ ነው፤ የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽተን የመጣነው እኛ ግን ጭቃውን እንጂ ወፉን አናይም ነበር። ያሳዩን እሳቸው ናቸው። በየቆርቆሮ በራችን ላይ ወፍ ሊስሉልን ተነሡ፤ ሕጋቸው አንድ ነበር። ራስህ ያላየኸውን ወፍ አይስሉልህም። ጠዋት ቦቲ አጥልቀህ ረግረጉ ዳር ትቆማለህ፤ ስለ ወፉ አንድ ነገር ይዘህ ካልመጣህ ብሩሹን አያነሡም።

አጥር የምንጋራቸው ባለ ሱቋ እትዬ ብርቄ ሦስት ጠዋት ባዷቸውን ተመለሱ። በአራተኛው እየሮጡ መጡ።

«ኦቦ! ይቺ ዝይ እንደኔ ወገቧን ያማታል እንዴ? አንገቷን ጀርባዋ ላይ ጥላ ነው የምትሄደው!»

«በቃ፣ አየሻት» አሉ ኦቦ ገመቹ እየሳቁ። «ኢንተላ፣ ጻፊ!»

ልጅት ማለታቸው ነው፤ ልጅቷም እኔ ነበርኩ። ግጥም ማንም ያላስተማረኝን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችለውን እኔን፣ ከየወፉ ሥር ሁለት ስንኝ እንድጽፍ አመኑኝ። ለዝይዋ እንዲህ ጻፍኩ፦

ጀርባዋን ተንተርሳ ቀስ ብላ ስትሄድ፣
በአገሯ ነው እንጂ ማን እንዲህ ይራመድ?

ለእኛ በር የመረጥኩት ጠዋት ጠዋት እየጮኸች የምትቀሰቅሰኝን ጋጋኖ ነው። ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ላባዋ ውስጥ አረንጓዴ እንዳለ ያየሁት እሳቸው ቁሚ ብለው ስላቆሙኝ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው ሰውን በማቆም ብቻ ዓይን የሚሰጥ? ገበሬውና ተከራዩ አንድ ረግረግ ዳር ቆመው «ያንተ መጣች» ይባባሉ ጀመር። አንድ ገልባጭ መኪና ፍርስራሽ ሊደፋበት ሲመጣ እትዬ ብርቄና ሌሎች ሴቶች ፊቱ ቆመው መለሱት።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሣ። መንገድ ተዘጋ፤ ወሬም ደረሰ። ወፍ ያለበት በር ምልክት የተደረገበት በር ነው ተባለ። ገበሬው ሊፈርስ የተለየ ቤት መስሎት ፈራ፤ ተከራዩ ሊቃጠል የተለየ ቤት መስሎት ፈራ። አንዷ ወፍ ለሁለቱም ፍርሃት በቃች።

እትዬ ብርቄ በአጥሩ ጠሩኝ። «አብረሻቸው ስትዞሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ምልክት ነው?»

«እትዬ፣ ሦስት ጠዋት ጭቃ ውስጥ የቆሙላት ዝይ ናት» ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን «አላውቅም» አልኩ።

አውቅ ነበር። ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አላውቅም ብዬ ገባሁ፣ ኦቦ ገመቹ እኛ ቤት ያስቀመጡትን የቀለም ማቅጠኛ ተነር አወጣሁ፣ ጋጋኖዬን በጨርቅ ፋቅኩ። መጀመሪያ የለቀቀው አረንጓዴው ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ። ግጥሙን የጻፈችው ከፋቀች፣ ምን ጥርጥር ቀረ? እስከ ምሳ ሰዓት ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ተፋቀ።

ኦቦ ገመቹ «ምልክቱ ምንድን ነው?» ተብለው ለጥያቄ ተወሰዱ፤ ሳምንት ቆዩ። ሄዶ የመሰከረላቸው የለም። እኔም አልሄድኩም። የተፈቱ ዕለት በራችን ላይ ቆሙ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እንዴት አደርሽ፣ ልጄ። የተነሩን ጣሳ አንሥተው ወዘወዙት። «ጨረስሽው እንዴ? ግማሹ ይበቃ ነበር እኮ።»

ጣሳውን ይዘው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ከሱሉልታ ለቀቁ። ገልባጩ መኪና ተመልሶ መጣ፤ በዚያን ጊዜ ፊቱ የቆመ አልነበረም።

ፈርቼ ነው ልበል? እሳቸውስ አልፈሩም? እስኪለቁ ድረስ ግን የራሳቸው በር ላይ ያለችው ሳቢሳ ወፍ አልተነካችም።

በቅርቡ ሰበታ ሄጄ አንድ ጎሚስታ ግድግዳ ላይ ሽመላ አየሁ። የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቀጥሎ ባለው በር ላይ ዝይ አለች፣ አንገቷን ጀርባዋ ላይ ጥላ። ከሁለቱም ሥር ሁለት ስንኝ የሚያህል ቦታ ባዶውን ተትቷል። ለእኔ ትተውልኝ ነው? ወይስ እጃቸው ለምዶት?

አላውቅም። ይሄኛው እውነት ነው።