ኮምፒውተሬና የውሃ አባቱ

እህቴ የተዳረች ጊዜ አባቴ ሠርጓን አላዩም። ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተው ነበርና፣ ቡሬ አጠገብ ባለው ቤታችን በአባት ወንበር ተቀምጦ የመረቃት አጎቴ ነው። ሠርጉ ይዘግይ ብንላቸው፣ «ጠላው ተጠንስሶ፣ ሰው ተጠርቶ፣ ጾሙም ደርሶ፣ በኔ እግር የተነሣ ሊቀር? ዳሯት!» ብለው ተቆጡ። ተቆጡ እንጂ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጡ እግራቸው በጀሶ እንደታሰረ እዚያው ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት አረፉ። እኔ የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርሁ፣ በሲዲ እየገለበጥሁ ነበር። የመልሱም ድግስ በሳቸው ምክንያት እኔ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። እህቴ እሑድ ለመልሱ ትመጣለች፤ ከዚያ ባሏ ወደሚሠራበት አሶሳ ይዟት ይሄዳል። አባቴ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሠርጉን እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ልየው» አሉኝ። እሺ አልሁ።

ኮምፒውተሬ አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቱን ከዘጋ ሰው የገዛሁት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ጉድ ነበር። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰርና ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ሥራ ሲበዛባቸው እንደ ምድጃ ስለሚግሉ፣ ለየራሳቸው ውሃ፣ ፓምፕና ውሃውን የሚያበርድ ራዲያተር ነበራቸው። ዓርብ ጠዋት፣ የእህቴን ሠርግ አቀናብሬ ሳልጨርስ፣ የካርዱ ፓምፕ ተቃጠለ። ፍኖተ ሰላም ገበያ የጋሪ ጎማ እንጂ የኮምፒውተር ፓምፕ ከየት ይገኛል? የቀረኝ አማራጭ ሁለቱን በአንድ ውሃ፣ በተረፈው ፓምፕ ማገናኘት ነበር። አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት ዘመን አንድ ለሁለት እንዴት ያቅተኛል ብዬ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፈትሁ።

አባቴ አገር ቤት የውሃ አባት ናቸው። ወንዝ ጠልፈው በርበሬና ድንች የሚያለሙት ገበሬዎች ውሃውን በተራ እንዲያካፍሏቸው የመረጧቸው ዳኛ ማለት ነው። የላይኛው ማሳ ውሃ ያዘብኝ፣ የታችኛው ቦይ ሰበረብኝ ሲባሉ ኖረዋል። እኔ ቤት ከተሰበረው እግር ይልቅ ያመማቸው የሚዳኙት ሰው ማጣታቸው ነበር።

«ምንጩ አንድ ነው?» አሉኝ ሥራዬን አይተው።

«አዎ፣ አባየ።»

«የሚጠጡት ሁለት?»

«ሁለት።»

«ታዲያ አንች ልጅ፣ ያለ ተራ ልትለቂባቸው ነው? የላይኛው ጠጥቶ ለታችኛው እጣቢውን ሊልክለት!»

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። በፕሮሰሰሩ አልፎ የሞቀ ውሃ ካርዱን ምን ያበርደዋል? አባት ደግሞ አባት ነው። ከቧንቧ ዕቃ ቤት ትናንሽ መክፈቻዎች ገዝቼ መስመሩን ለሁለት ከፈልሁት፤ ከጋራዥ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ አመጣሁ። አባቴ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው መክፈቻዎቹን ተረከቡ። ኮምፒውተሩን ሳበራው መጀመሪያ ለፕሮሰሰሩ ለቀቁ። «ይጠጣ፤ ያኛው ይታገሥ» አሉ። ያኛው አልታገሠም፤ ካርዱ ግሎ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ለካርዱ ለቀው ፕሮሰሰሩን ዘጉበት፤ አሁንም ድርግም!

«ምን ዓይነት ባላገሮች ናቸው እነዚህ? ድንች እንኳ ሳምንት ይታገሣል!» ብለው ተናደዱ።

ቁጣ እኔም አላጣሁም፤ የወጣሁት ከሳቸው ነው። «አባየ፣ እነዚህ እኮ ውሃ አይጠጡም!» ብዬ ጮህሁ። «ሙቀታቸውን ያሸክሙታል እንጂ ጠብታ አይቀንሱበትም። ራዲያተሩ ጋ በርዶ ያው ውሃ ተመልሶ ይመጣል!»

ጮኼ ስጨርስ ነገሩ ለራሴም ገባኝ። ውሃው በፍጥነት የሚዞር ከሆነ አንዴ ሲያልፍ የሚጨምረው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ ብሎ ነገር የለም። አባቴ ግን ቱቦውን በጣታቸው ይከተሉ ነበር።

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

«ያው ውሃ? ሳይጎድል?»

«ሳይጎድል።»

ሳቃቸው መጣ። ጎናቸውን ይዘው፣ ጀሶው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አይ እግዜር! እንዲህ ያለ ወንዝ ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ አገር ሙሉ ባልተቀየመኝ! በይ ንቀይው፤ ይኸ ዳኛ አያሻውም» ብለው መክፈቻዎቹን በገዛ እጃቸው ፈተው ሰጡኝ።

ከፓምፑ ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ከዚያ ወደ ካርዱ፣ ከካርዱ በሁለቱ ራዲያተሮች አልፎ ወደ ፓምፑ የሚመለስ አንድ መስመር ሠራሁ። ሌላውን ሳላበራ ፓምፑን ብቻ አስነሥቼ፣ የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ለማየት በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፍሁ። አየሩ እየተንቦቀቦቀ ወጥቶ አለቀ፤ ሶፍቱም ደረቅ ነበር። ኮምፒውተሩን አበራሁት። አባቴ ቱቦውን እየዳሰሱ «ለብ አለ እንጂ አልፈላም» ሲሉኝ ዋሉ። ቅዳሜ ፊልሙ አለቀ፤ ደስታዬን የት ላድርሰው!

እሑድ ጠዋት እህቴና ባሏ ከእንግዶቹ ቀድመው መጡ። አባቴ እሷን በአንድ ጎን፣ አማቻቸውን በሌላው አስቀምጠው ማየት ጀመሩ። በሚዜዎቹ ጭፈራ ሳቁ፤ የጎረቤቱን እስክስታ ተቹ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የአጎቴን ጉልበት የሚስሙበት ላይ ሲደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

«አቁሚው» አሉኝ።

አቆምሁት። እህቴ አንዴ ማሳያውን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ከዚያ ተነሥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ ባሏም ተከተላት። ደኅናውን ጉልበት ልትስም ስትል አባቴ ራሷን ያዝ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንች ቆመሽ ምን ታያለሽ? ካሜራሽን አምጪ እንጂ!»

አመጣሁ። ሁለቱም ጉልበታቸውን ሳሙ፤ እሳቸውም ውለዱ ክበዱ ብለው ጀምረው እንግዶቹ ሲገቡ ገና እየመረቁ ነበር። እንግዳው ምሳ ሲበላ እኔ ጓዳ ገብቼ ምርቃታቸውን ከአጎቴ ምርቃት ቀጥሎ አስገባሁና ፊልሙን እንደገና አወጣሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተሩ አንዴም አልጠፋብኝም።

ፊልሙ ለእንግዳው ሲታይ አጎቴ «እኔ ታዲያ ለምን ደከምሁ!» ብሎ ቤቱን አሳቀው። አባቴ አልሳቁም፤ ማሳያው ላይ እግራቸውን ዘርግተው የሚመርቁትን ሽማግሌ እያዩ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔም በደስታ አለቀስሁ። ዛሬም ያን ሲዲ ያየ ሰው «አባታችሁ ያን ጊዜ ሆስፒታል አልነበሩም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ኧረ ሠርጉ ላይ ነበሩ» ነው የምለው።