ችሎት ላይ የተነገረ የክርስትና ስም

ለማስተርጎም መጀመሪያ የተጠራሁ ቀን ሄግ የደረስኩት ስሎተርቫርት ሰፈር የደረጃ ጽዳቴን ጨርሼ፣ ሽርጤን በቦርሳዬ ይዤ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሆላንድኛውን የለመድኩት ደረጃቸውን ከማጸዳላቸው አሮጊቶች ጋር ሳወራ ነው። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አስቀመጠችኝና ደንቡን ነገረችኝ፦ "የተባለውን ብቻ ይበሉ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።" ቀላል መስሎኝ ነበር።

በደርግ ዘመን ነው። አልማዝ የምትባል ልጅ፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ዘመድ ቤት የተጠጋች፣ ጥገኝነት ስትጠይቅ እኔ አስተረጎምኩላት። መርማሪው "ሌላ ስም አለሽ?" አላት። "የለኝም" አለች። እኔም "የለኝም ትላለች" አልኩ። የክርስትና ስም እንደማይጠፋት እያወቅኩ! ያ ነገር ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ቆይቶ የነፍስ አባቷ ከአገር ደብዳቤ ላኩ። "የንስሐ ልጄ የወለተ ሐና ወንድም ታስሯል፤ እሷንም ይፈልጓታል" ይላል። መሥሪያ ቤቱ ግን ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው። ደብዳቤው ስለ ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ስም እንደሌላት ራሷ ተናግራለች፣ አለ። ፍርድ ቤት ውሳኔውን ካልሻረላት ወደዚያው ልትመለስ ነው።

ሄግ ችሎት ሲቀርብ፣ አማርኛ የሚያስተረጉም ጥቂት ስለነበር እኔው ተጠራሁ። ጠበቃዋ ብስክሌት ሲነዳ እንዳይያዝበት የሱሪውን እግር እንዳሰረ ችሎት የሚገባ ረጅም ሰው ነበር።

ዳኛው "ወለተ ሐና ማን ናት?" አሉ። አስተላለፍኩ። አልማዝ አንገቷን ደፋች።

ገባኝ። የክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም፣ መተት ይሠራበታል እያሉ ነው እናቶቻችን ያሳደጉን። የእኔን ባለቤቴ እንኳ የሰማው ስንቆርብ ነው።

እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ፤ ተማሪ ሆኜ ባላውቅም። "ክቡር ዳኛ፣ ጥያቄው በሌላ መንገድ ቢጠየቅ።"

"እርስዎ አስተርጓሚ ነዎት ወይስ ጠበቃ?"

"አስተርጓሚ ነኝ ጌታዬ። ጥያቄው ግን አልደረሰም። ቄስ ሲያቆርቧት ማን ብለው ይጠሯታል?"

ዳኛው ጠበቃውን አዩት። ጠበቃው ተነስቶ ያንኑ ጠየቀ።

አልማዝ አፈጠጠችብኝ። "እትዬ! እርስዎ እያወቁ? ይኼ በሰው ፊት ይጠየቃል?"

ይህንንም አስተረጎምኩት፤ ደንብ ነው። ዳኛው ፈገግ አሉ።

"የጠየቀሽ እሱ ነው፤ እኔ አፉ ነኝ" አልኳት።

ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ወለተ ሐና" አለች። በሹክሹክታ የነገረችኝን ለችሎቱ ጮክ ብዬ አሰማሁ።

"ታዲያ ለምን ሌላ ስም የለኝም አልሽ?" አሉ ዳኛው።

"ያማ ሰው የሚጠራኝ ስም አይደለም። እግዜር የሚጠራኝ ነው።"

ውሳኔው ተሻረ። ፈቃዱን የሚሰጡት ዳኛው አይደሉም፤ መሥሪያ ቤቱ እንደገና እንዲያየው አዘዙ። ከወራት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዷን አገኘች።

አሁን ዛንዳም ከተማ ትኖራለች። ስሟን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ "ችሎት ከሰማው ወዲያ ምኑ ይደበቃል?" ትላለች። ልጇን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ እዚህ ስላደገች "አንቺ" እያለች ታዋራኛለች። የልጅቷን የክርስትና ስም ግን አልጽፈውም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ መልስ ላይ አትጨምሩ። ጥያቄው ካልደረሰ ግን፣ አልደረሰም በሉ።