ውሃ ሲጠፋ የሚርሰው ግድግዳ

የእናቴ ክፍል ግድግዳ የሚርሰው ውሃ ሲጠፋ ነበር። ይህን ለሰው ለመናገር ብዙ አመንትቻለሁ፤ አፍ ላይ ሲመጣ የሞኝ ወሬ ይመስላል። የሚያፈስ ቧንቧ ውሃ ባለ ጊዜ ያፈሳል፣ ውሃው ሲሄድ ያርፋል። የእኛ ቤት ግን ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ውሃ ባለበት ሰሞን፣ በርሜሉም ሮቶውም ሞልቶ እያለ፣ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ያለው ግድግዳ ደርቆ ልስኑ ይነጣል። መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም፣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ መዞር ሲጀምር፣ ከሥራ ስመለስ ግድግዳው ጠቁሮ ይጠብቀኛል።

መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ዓይኔን ነው። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳላረጋግጥ አፌን አልከፍትም። ስለዚህ እርሳስ አነሳሁና የእርጥበቱን ጠርዝ ዙሪያውን አሰመርኩ። በሌላ ቀን ሲርስ እንደገና አሰመርኩ። መስመሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው፣ ግድግዳው ሕፃን የሣለው የተራራ ሥዕል መሰለ። ከመስመሮቹ የተረዳሁት ነገር ደግሞ ይበልጥ አደናገረኝ፦ እርጥበቱ የሚጀምረው ከታች አይደለም። አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ከሚደርስበት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያው ደረቅ ነው። ዝናብ ከጠፋ ከርሟል፤ የደቻቱ ወንዝም አሸዋ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ውሃ ከየት ይመስልሻል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች፣ ነጠላዋን እያጣጠፈች። «ውሃ መንገዱን ያውቃል።»

ነገሩ የልስን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቅኩ። ወንድሜ ሐረር ነው የሚኖረው። እናታችን ወደ እኔ ከመጣች ጀምሮ «ድሬ ለአሮጊት አይሆንም፤ እኔ ጋ ብርዱ ይሻላታል» እያለ ሲጎተጉት ቆይቷል። እሷ ደግሞ ሐረር ሄዳ ሁለት ሌሊት ካደረች በሦስተኛው ጉልበቴን ትላለች። ግድግዳው መርጠቡን በስልክ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ምክር ፈልጌ ነበር።

«እርጥብ ግድግዳ ሥር ታስተኛታለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «የዚህ ነገር ምንጭ እስከ እሑድ ካልተገኘ መጥቼ እወስዳታለሁ። ቤቱ ሲደርቅ ትመለሳለች።»

ሲደርቅ ትመለሳለች ያለውን እናቴ አላመነችም። እኔም አላመንኩም።

የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው ወሬኛና ሳቂታ ነበር። ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው ቧንቧ በዚያ ግድግዳ ግርጌ እንደሚያልፍ ሲሰማ፣ ግድግዳውን ሳያይ ፈረደ።

«ቧንቧው ነው እህቴ። አለቀ።»

«እርጥበቱ ግን ከላይ ነው የሚጀምረው» አልኩ። «ይኸው፣ አስምሬበታለሁ።»

መስመሮቹን አይቶ ሳቀ። «አቦ፣ አንቺ ደግሞ! ግድግዳ ላይ የቤት ሥራ ትሠሪያለሽ? ብሎኬት እኮ እንደ ፋኖስ ክር ነው፤ ከታች ይመጥጥና ወደ ላይ ይሰዳል።»

«እሺ፣ ውሃ ሲጠፋ ለምን ይርሳል?»

«ውሃ ሲጠፋ ያየሽው ውሃ ሲኖር የገባውን ነው።»

አነጋገሩ የሚያሳምን ነበር፤ እኔም ለጥቂት ሰዓት አመንኩ። ከግድግዳው ግርጌ ሦስት ሴራሚክ አንስቶ ቆፈረ። ቧንቧው አፈር ለብሶ፣ ደርቆ ተኝቷል። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉድጓዱን ትመለከት ነበር። «አይ፣ ጥሩ ወለል ነበር» አለች ቀስ ብላ። ሠራተኛው ላቡን ጠረገና ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፦ «እንግዲህ ጎረቤት ነው።»

ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታችን የሱቅ መጋዘን አለ። ሴትየዋ ሶማሌ ናት፤ እናቴን በቋንቋዋ «ሆዮ»፣ እናት ማለቷ ነው፣ እኔን ደግሞ «አባዮ»፣ እህቴ ትለናለች። እንዲህ ያለችን ሰው ግድግዳዬን አበላሸሽ ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። ዙሪያ ጥምጥም እያልኩ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መብራቱ ካወራሁ በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ግድግዳውን ልታዪ ነው የመጣሽ፤ ሰውየሽ ሲቆፍር አልሰማሁም? ነዪ፣ ግቢ።»

መጋዘኑ ውስጥ የስኳር ጆንያ እስከ ጣሪያ ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። አንዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«እዚህ ውሃ ቢኖር፣ ወላሂ፣ ስኳሩን ሻይ አድርጌ ነበር የምሸጠው!»

ሳቅን። ልወጣ ስል ክንዴን ይዛ፣ «አባዮ፣ ሆዮን ጠይቂያት እንጂ። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ጋር የምትውለው እሷ ናት» አለችኝ።

«ጠይቄያታለሁ። አላውቅም አለች።»

«እንዴት አታውቅም?» አለችና ትከሻዋን ሰበቀች።

ነገሩ ጭራሽ ተወሳሰበብኝ። ከታች አይደለም፣ ከላይ አይደለም፣ ከማዶም አይደለም። የማይታወቅ ነገር ሲገጥመኝ መጽሐፍ አገላብጣለሁ፤ ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ ግን አልነበረኝም። እናቴ በበኩሏ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር። አንዴ ትከታለች፣ አንዴ ታወጣለች።

ዓርብ ቀን በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አንባቢ አልነበረም፤ አስፈቅጄ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ፀሐዩ ውሻውንም ሰውንም ጥላ ውስጥ አስገብቶታል። የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ ከእናቴ ክፍል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቸብ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ቸብ።

ቧንቧው ፈነዳ ብዬ ሮጥኩ።

እናቴ በስስ ድሪያ ቀሚሷ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አልጋዋ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጆግ አለ። ውሃ በመዳፏ እየዘገነች ግድግዳውን ትረጫለች፤ ከዚያ የረጨችውን በእጇ ታዳርሰዋለች፣ ልስን እንደሚያስተካክል ግንበኛ። ሲበቃት ጆጉን አስቀመጠችና ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ዓይኗን ጨፍና «እፎይ» አለች።

እያየሁም አልገባኝም። እድፉን ልታስለቅቅ እያጠበችው መሰለኝ።

«እማዬ፣ ምኑን ነው የምታጥቢው?»

ብድግ አለች። «ውይ! ቀስ ብለሽ አትገቢም? ደሜን አፈላሽው!»

«ምኑን ነው የምታጥቢው?»

«ማጠብ ምን ያደርጋል። እያቀዘቀዝኩት ነው።»

ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ ነገረችኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ የኖርንበት ቤት ድንጋይ ነበር። የዚያ ግቢ ሴቶች ሙቀቱ ሲበረታ ግድግዳውን ውሃ ይረጩታል። ድንጋዩ እስኪመሽ ድረስ ቅዝቃዜውን ይዞ ይውላል፣ ማታ ደግሞ ደርቆ ያድራል። እዚህም መብራት ካለ ቬንትሌተሩ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምን ታድርግ? ጆጓን ይዛ በርሜሉ ጋ ትሄዳለች። ብሎኬት እንደ ድንጋይ አለመሆኑን ማን ነገራት?

መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ቬንትሌተሩም አብረው ይቆማሉ። እኔ ስለ ፓምፑ ብቻ ሳስብ ነበር።

«ወለሉ ሲቆፈር እያየሽ ዝም አልሽ?»

«ነግ ይደርቃል ስል፣ እናንተ ቆፈራችሁ።» ዓይኗን ወደ ሻንጣው ሰደደች። «ደግሞስ ሞቀኝ ብዬ ልናገር? ሞቀኝ ካልኩ ወንድምሽ መኪናውን ያስነሳል።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጀርባዬም ግድግዳውን ነካ፤ እውነትም ይቀዘቅዛል። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ቧንቧው ነው ካልኩ፣ እስኪጠገን ብሎ ይወስዳታል። ሙቀቱ ነው ካልኩ፣ ለዘለቄታው ይወስዳታል። ምንጩን እስካገኝ ስጨነቅ የሰነበትኩት ሲገኝ ትቀርልኛለች ብዬ ነበር፤ አሁን ሲገኝ ባልተገኘ ብዬ ተመኘሁ። ቅዳሜን ሙሉ ለወንድሜ የምለውን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እያደረግኩ አዘጋጀሁ፤ አንዱም ልክ አልመጣልኝም።

እሑድ መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ሻንጣውን አንስቶ መኪናው ውስጥ ከተተው። ተመልሶ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ» አልኩ።

«ከየት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ካዘጋጀሁት አንዱን ልጀምር ነበር።

«ከእኔ ነው» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ አትቀልጂ።»

«እኔ ነኝ የረጨሁት። መብራት ሲጠፋ እረጨዋለሁ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ግድግዳውን፣ የእርሳስ መስመሮቹን፣ የተቆፈረውን ወለል እያፈራረቀ አየና ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ይሞቅሻል ማለት ነው።»

«ይሞቀኛል። ድሬ ነው እኮ! ምን እንዲያደርገኝ ፈልገህ ነበር?»

«ይሄን ያህል ከሞቀሽ ለምን አትነግሪኝም? እኔ ጋ እኮ...»

«አንተ ጋ ብርድ ነው፤ ብርዱ የራስህ ነው። እዚህ ያለው ሙቀት የኔ ነው፤ ለምጄዋለሁ።» ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ግድግዳውን አልነካም። በቃ። ሲሞቀኝ ራሴ ላይ እረጫለሁ።»

«ግድግዳውን ሴራሚክ እናልብሰውና እንደፈለግሽ ትረጫለሽ» አለ ወንድሜ።

«ሻወር ቤት ልታስተኛኝ ነው?»

የሳቀ እሱ ነው መጀመሪያ፤ ሊስቅ የፈለገ ግን አይመስልም ነበር። ቆይቶ ተነሳ፣ እርጥቡን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰው፣ እጁንም ሱሪው ላይ ጠረገ። ወደ በሩም ሄደ።

መኪናው ድረስ ሸኘሁት። የኋላውን ከፍቶ ሻንጣውን አወጣና ለእኔ ሰጠኝ።

«ልክ ነው የሠራሁት?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ሻንጣውን ይዤ ቆምኩ፤ ባዶ እንደሆነ ሁሉ ቀላል ነበር። መኪናው ታጥፎ ከዓይኔ ሲሰወር ከውስጥ እናቴ «ሄደ?» ስትል ሰማኋት።