ሎዌል የላይኛውን ማሳ ለስታዲየም የሰጠ ጊዜ

ሎዌል ኢቨርሰን የስንዴ ገበሬ ነው። ስሙ ጋዜጣ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቷል፤ እሱንም አሁን ቢፍቁለት ደስ ይለዋል።

የሚኖረው ከሃስኪል ከተማ ጥግ ነው። ከተማ ትባል እንጂ ዩኒቨርሲቲው ባይኖር አንድ የእህል ጎተራና አንድ ቤንዚን ማደያ ነች። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ዌንዳል አለች። እሷም ያው ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ስንዴ አላት፣ ንፋስ አላት። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ኅዳር ላይ ፉትቦል ይጋጠማሉ፤ ያችን ሞላላ ኳስ በክንድ አቅፈው እየተላተሙ የሚሮጡባትን ማለት ነው። የሎዌል አባት ሳይወለድ ጀምረው ይጋጠማሉ።

ሎዌል አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ ቨርን ይባላል። ቨርን ከዌንዳል አግብቶ እዚያው ገባ፣ በዚያው የዌንዳል ደጋፊ ሆኖ ቀረ። ይህን አባታቸው ስቆ አለፈው። ሳይታለፍ የቀረው ኋላ የመጣው ነው። አባትየው ሲሞት የላይኛው ማሳ ለማን እንደሆነ ለይቶ አልተናዘዘም። የላይኛው ማሳ ከቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ነው፤ ሁለቱም ልጅ ሆነው ትራክተር መንዳት የተማሩት እዚያ ላይ ነበር። ቨርን "ለእኔ ነው ያለኝ" አለ። ሎዌል "አባቴን ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ" አለ። ጠበቃ ገባ። ጠበቃ ከገባ ወዲያ ነገሩ የወንድማማች መሆኑ ቀረ። ማሳው ለሎዌል ተፈረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቨርን የሎዌልን ደጃፍ አልረገጠም፣ ሎዌልም የቨርንን።

እናታቸው ግን ያኔ በሕይወት ነበረች። ሴትዮዋ ቁመቷ አጭር ነው፣ ቃሏ ግን አያድርስ ነው።

"በጨዋታ ቀን ጠብ የለም" አለቻቸው። "ዓመቱን ሙሉ ተኮራረፉ። በዚያ ቀን ግን ከአንድ ድስት ትበላላችሁ። እምቢ ያለ እኔን አይቅበረኝ።"

በዚያ አገር የጨዋታው ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ፒካፑን ይዞ ስታዲየሙ አጠገብ ሣሩ ላይ ያቆማል። የመኪናውን የኋላ ክዳን ያወርደዋል፣ እሱ ገበታ ይሆናል። ቋሊማ ይጠበሳል፣ ቢራ ይከፈታል። ሎዌልና ቨርን መኪናቸውን ቂጥ ለቂጥ ገጥመው ያቆማሉ። ሁለቱ ክዳኖች ሲወርዱ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይሆናሉ። እናታቸው ከሞተችም በኋላ እንዲሁ ነው። ቀጠሮ የለም፣ ስልክ የለም፤ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው መጥቶ ይገጥምለታል።

በዚያ ቀን ስለ ማሳው አይነሳም። ወሬው ስድብ ብቻ ነው።

"ይሄ ቋሊማ ነው ወይስ ተከላካያችሁ? ሲነኩት የሚፈርሰው!" ይላል ቨርን።

"ዝም ብለህ ብላ። ዌንዳል ሥጋ ከጠፋ ቆየ አሉ።"

"አንተ ሽማግሌ፣ በየትኛው ጥርስህ ነው ስለ ሥጋ የምታወራው?"

ሰው ቢያያቸው ወዳጆች ይላቸዋል። ደግሞም በስድቡ መሀል ነገር ይሾልክ ነበር። ሎዌል የቨርን ሚስት መታመሟን የሰማው በስድብ መሀል ነው። መሞቷንም እንደዚሁ፤ "ዘንድሮ የምታበስልልኝ ስለሌለች ያንተን ጉድ መብላቴ ነው" ብሎ ነው የነገረው። ሎዌል ያን ጊዜ ቋሊማ ጨመረለት። ሌላ ምን ያድርግ?

ሎዌል በልቡ የያዘው ነገር ነበር። ይቅር በለኝ ማለት ይፈልጋል። ፍርድ ቤት የረታ ሰው በልቡ ላይረታ ይችላል መሰለኝ። በየዓመቱ "ዘንድሮ እነግረዋለሁ" ይላል። ጨዋታው ይጀመራል፣ ያልቃል፣ ቨርን ክዳኑን ጓ አድርጎ ዘግቶ ይሄዳል።

"ነገርከው?" ትለዋለች ሚስቱ ኦርላ።

"ለከርሞ።"

"ስልክ አለ እኮ፣ ሎዌል።"

"በስልክ? ምን ብዬ?"

እውነቱን ነው። በዚያ አገር ወንድ ለወንድሙ ዝም ብሎ አይደውልም። ዝም ብሎም ደጃፉ ላይ አይቆምም። ምክንያት ይፈልጋል። የእነሱ ምክንያት ጨዋታው ነበር፣ ሌላ በር አልነበራቸውም።

ኋላ ደግሞ ቨርን ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ የስንዴ አቧራ ነው አለ። በሚቀጥለው ዓመት አቧራ ነው ማለቱንም ተወ።

የሊጉ ወሬ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ሃስኪልና ዌንዳል በአንድ ሊግ ነበሩ፣ ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር። አሁን ግን ቴሌቪዥኑ ገንዘቡን ለትልልቆቹ ሊጎች ብቻ ይሰጣል፣ ትልልቆቹም ደህና ደህናውን ዩኒቨርሲቲ እየመረጡ ከየሊጉ ይነጥቃሉ ተባለ። ታነር የሚባል ከዩኒቨርሲቲው ስፖርት ክፍል የተላከ ልጅ እግር ሰውዬ በየገበሬው ቤት መዞር ጀመረ። ሎዌል ቤትም መጣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ ነው የገባው።

"እውነቱን ልንገርዎት፣ ሚስተር ኢቨርሰን" አለ። "ሊጋችን መፍረሱ ነው። ፉትቦል ላይ ገንዘብ ያላፈሰሰ ዩኒቨርሲቲ ዝናብ ላይ እንደቀረ ድርቆሽ ነው የሚሆነው። ዋናተኞቹም፣ ሯጮቹም የሚኖሩት በፉትቦሉ ነው። በእናንተ ርዳታ ስታዲየሙ ላይ አንድ አዲስ የተመልካች ወንበር ክንፍ ብንሠራ ግን ማንም አይንቀንም።"

"ከዌንዳል ጋር ያለው ጨዋታስ?" አለ ሎዌል።

"እሱማ! እሱ እንዴት ይቀራል? ከጠነከርን ማን ይነካናል?"

ታነር ዋሸ ለማለት አልደፍርም። ያኔ እሱም ያመነው ይመስላል።

ማታ ራት ላይ ሎዌል "የላይኛውን ማሳ ልሽጠው ነው" አለ።

ኦርላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የአባትህን?"

"የጠቡ ሥር እሱ አይደል? ማሳው ከሌለ በምን እንጣላለን? ገንዘቡን ለክንፉ ብሰጥ ጨዋታችንም አይቀርም። ክንፉ ላይ የአባቴና የእናቴ ስም ይጻፋል፣ ቨርን ሲመጣ ያየዋል።"

"ለምን ማሳውን ራሱን ለቨርን አትሰጠውም?"

ሎዌል ራቱን መብላት ቀጠለ። ሳያስበው ቀርቶ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አስቦታል። ግን ቨርን ፊት ቆሞ "እንካ" ማለት "ጥፋቱ የእኔ ነበር" ማለት ነው፣ ይህን ደግሞ አፉ እምቢ አለው። ለስታዲየም መስጠት ይቀላል። ሰው ያጨበጭብልሃል፣ ምንም አትናገርም።

ማሳውን ከሩቅ የመጣ ኩባንያ ገዛው። ጋዜጣው የሎዌልን ስምና ፎቶ አወጣ፣ ኮፍያው ትንሽ ጠሞ። ቨርን ጋዜጣ አያነብም፤ ቢያነብም የሃስኪልን አይነካም።

ክንፉ ተሠርቶ አለቀ። በሚቀጥለው በጋ ሎዌል ስንዴውን ጭኖ ጎተራው ጋ ተራ ሲጠብቅ ሚዛን ቤቱ ውስጥ ጩኸት ሰማ። ሚዛን የሚጠብቀው ክላይድ ወጥቶ ትከሻውን መታው።

"ዕድሜ ላንተ! ሬዲዮ አልሰማህም? ትልቁ ሊግ ወሰደን! አዲሱን ክንፍ አይተው ነው የወሰዱን አሉ።"

"ዌንዳልስ?"

"ዌንዳልን ማን ይወስዳል? የእነሱ ስታዲየም እኮ የርግብ ቤት ነው!"

ሰዎቹ ሳቁ። ሎዌልም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፣ ጉንጩ አልታዘዝ አለው።

ታነር ዘንድ ደወለ። ታነር ደስታ በደስታ ሆኖ ነው ያነሳው።

"ከዌንዳል ጋር እስከ መቼ ነው?" አለው ሎዌል።

"ያው... አዲሱ ሊግ የጨዋታ ቅዳሜዎቻችንን ሁሉ ይዟቸዋል፣ ሚስተር ኢቨርሰን። ዘንድሮ አንድ ይቀረናል። ከዚያ በኋላ ለጊዜው ይቆማል።"

"ለጊዜው ማለት?"

"እሱን ቴሌቪዥኑ ነው የሚያውቀው።"

የመጨረሻው ጨዋታ ሃስኪል ላይ ዋለ። ሎዌል ሳይነጋ ሄዶ ቦታውን ያዘ። ዘንድሮ መናገር አለበት፣ ከርሞ የሚባል የለም። ቨርን አርፍዶ መጣ። መኪናውን ገጠመ፣ ክዳኑን ግን ወዲያው አላወረደም። ከስቷል። አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ የኦክስጅን ጠርሙስ አንጠልጥሏል።

"ምነው፣ ቤንዚን ነው የያዝከው?" አለ ሎዌል፣ እንደ ልማዳቸው።

ቨርን ጠርሙሱን ጎኑ ላይ አስተካከለ። "መጀመሪያ ሽንት ቤት ልሂድ" ብሎ ወደ አዲሱ ክንፍ ሄደ። ሲመለስ ቆየ፤ እየቆመ እየተነፈሰ ነው የተመለሰው።

"የእማዬን ስም አየሁ" አለ።

"አየኸው?" ሎዌል ፊቱ በራ።

"አየሁት። የአባዬም አለ። ፊደሉ ትልቅ ነው።" ቀጠለና "በምን ከፈልከው?" አለ።

ሎዌል ቋሊማውን ገለበጠው። ያልበሰለውን ትቶ የበሰለውን መልሶ ገለበጠ።

"በላይኛው ማሳ።"

"ሸጥከው።"

"ጠቡ ይብቃን ብዬ ነው፣ ቨርን። ጨዋታው እንዳይቀርብን ብዬ..."

"ምን አልክ?" ቨርን ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበትና ክዳኑን ይዞ ቆመ። "በዚያ ወንበር አይደለም እንዴ የወሰዷችሁ? ወንበሩ ባይኖር እዚሁ አብረን እንበሰብስ ነበር። ማሳውን ሸጠህ እኛን አስጣልክ! ጥሩ ገዛህ።"

"አላወቅኩም።"

"እኔ በየዓመቱ ለምን እንደምመጣ ታውቃለህ? ለእናንተ ጨዋታ መሰለህ?" ድምፁ ቀነሰ። "ዘንድሮ 'እንካ፣ ማሳህ ነው' ይለኛል እያልኩ ነው የምመጣው። አልቀበልህም ነበር እኮ። በዚህ ደረት ማሳ ምን ያደርግልኛል? እምቢ ልልህ ነበር። እምቢ ብዬህ አብረን ልንበላ ነበር።"

ሎዌል አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ዓመት ያጠናው ቃል አሁን ቢወጣ ምን እንደሚመስል አሰበ። የተያዘ ሌባ ልመና ይመስላል። ዘጋው።

ቨርን አልሄደም። የጨዋታ ቀን ነውና ክዳኑን አወረደ፣ ተቀመጠ፣ የተሰጠውን ቋሊማ በላ። እስኪጨርስ ድረስ አንድም ጊዜ አልሰደበውም። ስለ ቋሊማውም፣ ስለ ጥርሱም፣ ስለ ሃስኪልም ምንም አላለም። ሎዌል በሕይወቱ እንደዚያ ምሳ የከበደው የለም። ሃስኪል አሸነፈ፤ ወጣቶቹ ሜዳ ገብተው ጨፈሩ። ቨርን ግን ጨዋታው ሳያልቅ ነው የሄደው።

በዓመቱ በዚያው ቅዳሜ ሃስኪል ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጫወተ። ቡድኑ በአውሮፕላን ሄደ። ሎዌል ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ የሚያውቀው ሰው፣ የሚያውቀው ሜዳ የለም። የሃስኪል ልጆች እየተሸነፉ ነው። አጠፋውና ኮቱን ለበሰ።

"ወዴት ነው?" አለች ኦርላ።

"እስከ ማዶ።"

ድልድዩን ተሻግሮ የቨርን ቤት ደረሰ። ከጠቡ ወዲህ እዚያ ግቢ ገብቶ አያውቅም፤ አጥሩን እንኳ በየት እንደሚከፈት ፈልጎ ነው ያገኘው። ደረጃው ላይ ወጥቶ አንኳኳ። ቆይቶ ቨርን በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ። ቱቦው ረዝሟል፣ ወደ ቤት ውስጥ ይሳባል።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ?"

"ቀኑ ነው ብዬ።"

"የምን ቀን?"

"የጨዋታው።"

"ጨዋታ የለም እኮ፣ ሎዌል።"

ሎዌል ኮፍያውን አወለቀ። ንፋሱ ከታጨደው የስንዴ ማሳ ላይ ብርድ ይዞ ይመጣል። "ይቅር በለኝ" አለ። አለው በቃ። ቃሉ እንዲህ አጭር መሆኑን ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

ቨርን ብዙ አየው። የተቆጣ አይመስልም፣ የደከመው ነው የሚመስለው።

"ለአንድ ቃል ስታዲየም ሠራህ" አለ። ደግሞ ሊናገር ፈልጎ ትንፋሽ አጠረው፣ እጁን አወዛወዘ። "በል ሂድ። ብርዱ ይገባብኛል።"

በሩ ተዘጋ። ሎዌል ደረጃው ላይ ቆመ። ከውስጥ ሳል ይሰማል፣ ከሳሉ በኋላ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ከዚያ ምንም። ቢያንኳኳ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ያለውን አንድ ቃል ጨርሶታል።

ቤት ሲመለስ ኦርላ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር።

"አገኘኸው?"

"አገኘሁት።"

"ነገርከው?"

"ነገርኩት።"

ኦርላ ሌላ እስኪጨምር ጠበቀች። ሎዌል ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እዚያው እስኪመሽ ቆየ።