ጉም ነበር ያሉት

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የቆየ ገብስ ሽታ ነው፤ ከዚያ የሰው ሽታ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አንድ ቆርቆሮ ተነስቶ ስለነበር ብርሃን በዚያ በኩል ይገባል። ስንት ሰው እንደነበርን አሁን በትክክል አላስታውስም። ወንድሜ ከፊቴ ገባ። የጫማችንን ማሰሪያ ወስደውብን ስለነበር እግሩን እየጎተተ ነው የገባው።

ይህን የምጽፈው ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። የሞተው እስር ቤት አይደለም። ከተፈታን ከዓመታት በኋላ ደባርቅ ውስጥ መንገድ ሲሻገር በግራው በኩል የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፍቻለሁ አለ። ነፍቷል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ወንድሜ ለምን እንዳልሰማ ያወቅሁት በዚያ መጋዘን ውስጥ ነው።

ወንድሜ የሠርግ ዘፋኝ ነበር። ኦርጋን እየተጫወተ ይዘፍናል። ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ አንዳንዴም እስከ ጃናሞራ ድረስ ይጠሩን ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሌላ ሥራ ስላላገኘሁ አብሬው እሠራ ነበር። ጄኔሬተሩ፣ ሞንታርቦ የሚባለው ትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ገመዱ ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ነው። ማይኩ አንዳንዴ ከንፈር ይነዝራል፤ ወንድሜ በመሐረብ ጠቅልሎ ይይዘው ነበር። የምንፈራው ኤሌክትሪኩን ነው። ድምፁን የሚፈራ አልነበረም። ድምፅ ምን ያደርጋል? እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ካለ ደጋሹ ራሱ መጥቶ ለቀብር ነው እንዴ የመጣችሁት ይለናል።

ሞንታርቦውን ሁልጊዜ በወንድሜ ግራ በኩል የማቆመው እኔ ነበርኩ። ገመዱ የሚደርሰው እስከዚያ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

የታሰርነው በአንድ ቃል ነው። ዳባት አጠገብ አንድ ሠርግ ላይ ነበርን፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዳሱ ሞልቷል። በእኛ አገር ሠርግ ላይ ሰው ለዘፋኝ ግጥም ይሰጣል። «ተቀበል» ብሎ ወደ ጆሮው ይጠጋል፤ ዘፋኙም የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይዘፍነዋል። የሙሽራዋ አያት ቀስ ብለው ተነሱና በግራ በኩል መጥተው፣ ወንድሜ ሳይዞር ግጥማቸውን ሰጡት። እኔ እዚያው ገመድ ላይ ቁጢጥ ብዬ ስለነበር ሰምቻለሁ። እንዲህ ነበር ያሉት፦

ጉሙ ሲነሳ ነው አገር የሚታየው፣
ሙሽራም ሲገልጧት ነው መልኳ የሚለየው።

ወንድሜ በማይኩ የዘፈነው ግን «ሹሙ ሲነሳ ነው አገር የሚታየው» ብሎ ነው።

ያን ጊዜ በየቦታው ሰው የሚታፈስበት ወቅት ነበር። ዳሱ አንድ ላይ ጮኸ። ድገመው አሉት፤ ደገመው። ሦስት ጊዜ ዘፈነው። እኔ ሆን ብሎ የለወጠው መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። በማግሥቱ ጠዋት ዕቃችንን ሳንጭን ፖሊሶች መጥተው ወሰዱን።

መጋዘኑ ውስጥ ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ በምን እንደገባን ጠየቀን። እኔ በዘፈን አልኩ።

«እኛ ሳንዘፍን ገባን» አለ ካቦው። «እናንተ ቢያንስ የሠርግ ወጥ በልታችሁ ነው የመጣችሁት።»

ሰዉ ሳቀ። ግጥሙን ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ወንድሜን ትከሻውን ሳሙት። ካቦው ሁለት ሰዎች አስነስቶ ብርሃን ከሚገባበት ግድግዳ ሥር ቦታ ሰጠን። አዲስ ገቢ የሚተኛው በሩ አጠገብ፣ ከሽንት ባልዲው ጎን ነው። እኛን ግን አከበሩን። ወንድሜን አርበኛው ይሉት ጀመር።

በማግሥቱ ጠዋት ቆጠራ ነበር። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። የወንድሜን ስም ጠራ። ወንድሜ ግራውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበርና አልተነቃነቀም። እንደገና ጠራ። አርበኛው ኮራ እኮ ብሎ አንዱ አንሾካሾከ። በሦስተኛው ፖሊሱ ገብቶ በዱላው ጫፍ ትከሻውን ነካው። ወንድሜ ዞር ብሎ ፈገግ አለና ቀኝ ጆሮውን አቀረበለት፤ ሠርግ ላይ ግጥም ለሚሰጠው ሰው እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ።

ፖሊሱ ሲሄድ፣ «ጋሼ፣ ስምህ ሲጠራ አልሰማህም?» አልኩት።

«ግራዬ ሞቷል» አለኝ። «ቀኙም ሌት ተቀን ሽ ይላል፤ እንደሚፈላ ጠላ።»

ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከአንድ ሠርግ ማግሥት ጀምሮ ጩኸቱ ከጆሮው አልወጣ ብሎት ነው። መጀመሪያ ጥጥ ወተፈ፤ ቀጥሎ የሲጋራ ፊልተር። አንድ ደጋሽ አይቶት ጆሮውን የደፈነ ዘፋኝ ምን ግጥም ይቀበላል ብሎ ሰው ፊት ሲያላግጥበት ተወው። ከዚያ ወዲህ የሰውን ከንፈር ያያል፣ የስንኙን መጨረሻ ይይዛል፣ የቀረውን እየገመተ ይሞላል። አብሬው እየሠራሁ፣ አንድ ቤት እየተኛሁ፣ አላወቅሁም።

«የሙሽራዋ አያት ግን ምን ዓይነት ደፋር ናቸው» አለኝ ቀጥሎ። «እንዲህ ያለ ግጥም ይሰጣሉ ብሎ ማን ያስባል? ምንም ቢያደርጉኝ ስማቸውን አልጠራም።»

«ጋሼ፣ ጉም ነበር ያሉት።»

አልሰማኝም። ወደ ቀኙ ዞሬ ደገምኩለት። ጉም። ሁለቱን ቃላት ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ እያፈራረቀ ሞከራቸው።

«ሦስት ጊዜ ደገምኩት እኮ» አለ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አያቷ ይጠሩና ጉም ነው ያልኩት ብለው ይመስክሩ፣ ከዚያ ወደ ቤታችን እንሄዳለን አልኩት። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ለምስክርነት የተጠራ ሰው በዚያው ቀን አይመለስም፣ እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ሲሚንቶ አይችሉትም አለኝ።

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

«ጆሮዬ አይሰማም እላለሁ።»

«ከዚያ ወዲያ ማን ለሠርግ ይጠራሃል?»

ነጠላውን ማጠፍ ጀመረ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላውቅም።

ረፋድ ላይ ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው ወጣት ነበር፤ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። እኔን በሩ አጠገብ አቆመኝ። ግጥሙን ማን እንደሰጠው ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜ ይቅርታ ብሎ ቀኝ ጆሮውን እንዲያዞር ፈቃድ ለመነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ግጥሙ የጉም ነበር። ሹም ያደረገው የእኔ ጆሮ ነው። የሰጠኝ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ስለዚህ ስሙን አልናገርም።»

መርማሪው ሳቀ። ደንቆሮ ዘፋኝ አይቼ አላውቅም አለ። ተነስቶ ጠረጴዛውን ዞረና ከወንድሜ ኋላ በግራ በኩል ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር ስለ እናታችን አንድ ነገር አለው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ሰማሁት። እናታችን የሞተችው እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው።

መርማሪው ፊቱን እያየ ጠበቀ። ወንድሜ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ እያየ፣ እጁን አጣምሮ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ በትሕትና ይጠብቃል። እኔ መሬት መሬት አየሁ። መርማሪው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እስክሪብቶውን ከደነና ሂዱ አለን።

ግቢውን ስናቋርጥ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «በግራ በኩል አንድ ነገር አለኝ መሰል፤ ትንፋሹ ተሰማኝ። ምን አለ?»

«ትሰማኛለህ ወይ ነው ያለህ» አልኩት።

«አልሰማሁትም» አለ ወንድሜ።

መጋዘኑ ስንደርስ አልተቀመጠም። መሐል ላይ ቆሞ ለሁሉም ነገራቸው። ግጥሙ የጉም እንደነበር፣ በጆሮው ምክንያት እንደተሳሳተ፣ አርበኛ እንዳልሆነ። አንዳንዱ ሳቀ። ትናንት የሳሙት ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወንድሜ ነጠላውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት ነው?» አለ ካቦው።

«ያንን ቦታ የሰጣችሁኝ ለሹሙ ነው» አለው። «የእኔ ጉም ነው።»

ባልዲው አጠገብ አነጠፈ። እኔም ተከተልኩት። ማንም አልከለከለንም፤ ማንም ተመለሱ አላለንም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለቀቁን። የሙሽራዋን አያት ማንም አልጠራቸውም። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ደባርቅ ደርሶ ነበርና ከዚያ በኋላ ወንድሜን ለሠርግ የጠራው የለም። ሲጸጸት አላየሁትም።

አሁን ስለ እሱ ብዙ ነገር እየተምታታብኝ ነው። ድምፁ ራሱ ይጠፋብኛል። የዚያ መርማሪ ድምፅ ግን ቃል በቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድሜ ደጋግሞ፣ ከዓመታት በኋላም፣ መርማሪው በእርግጥ ያን ብቻ ነው ያለኝ እያለ ጠይቆኛል። አዎ እለው ነበር። እኔ በእሱ ፈንታ የሰማሁለት ያንን የመርማሪውን ቃል ብቻ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ እዚህም አልጻፍኩትም።