መሳቢያ ውስጥ የቀረው ደብዳቤ

ተኽሊት የብረት ወንበር አንስቶ ክብሮም ትከሻ ላይ ሲያሳርፈው እኔ ከዘቢብ ጎን ተቀምጬ ነበር። ላክ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ለለቅሶ በተከራየነው አዳራሽ ነው። ሲደግመው የክብሮም ቅንድብ ተሰነጠቀና ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ሰውዬው እጁን እንኳ አላነሳም። ለቅሶ ሊደርስ ነበር የመጣው፤ የሟች ወንድም እንዴት እንደሚቀበለው ግን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘቢብ ታናሽ ወንድም ፍሱሕ ሮተርዳም ወደብ፣ መጋዘን ውስጥ ከክብሮም ጋር ይሠራ ነበር። በሽፍት፣ በሥራ ፈረቃ ተራ ተጣሉና ክብሮም በሰው ፊት ደረቱን በቡጢ መታው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍሱሕ ጀርባዬ ተቀደደ ብሎ ጮኾ ወደቀ፤ አምቡላንስ ሳይደርስ ሞተ። ፖሊስ ክብሮምን ጠይቆ ለቀቀው። የፍሱሕ ታላቅ ወንድም ተኽሊት ግን አልለቀቀውም።

ዘቢብን አሥራ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ፤ የምንኖረው በአንድ ሕንፃ ነው። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ እዚህ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎች ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ ያለቀ ሴት ናት። ቁመቷ መለሎ፣ ጣቶቿ ረጃጅም። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች እንዲሁ ናቸው። አምፖል ለመቀየር መሰላል አያሻችሁም እያልኩ ስንቴ አሹፌባቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

ቁመታቸው ለካ የበሽታ ምልክት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ትንፋሽ ሲያጥራት ሃውስአርትሷ፣ የሰፈር ሐኪሟ፣ ወደ ሆስፒታል ላካት። እዚያ የልብ ሐኪሟ ያስረዳቻትን ዘቢብ በኋላ ነገረችኝ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ልብ በመታ ቁጥር ይለጠጣል፣ ይመለሳል። የሚመልሱት እንደ ላስቲክ የሚሳቡ የፕሮቲን ክሮች ናቸው። መጀመሪያ ቀጫጭን ክር እንደ ድር ይዘረጋል፤ ከዚያ ላስቲኩ በላዩ ይለበጥና እርስ በርሱ ይተሳሰራል። ይህ በአብዛኛው የሚሠራው በማኅፀንና በልጅነት ነው፤ ካደግን በኋላ ሰውነታችን እንደገና አሳምሮ አይሸምነውም። የእነ ዘቢብ ድር በዘር ወርሰውት ከአፈጣጠሩ የተበላሸ ነው። በየዓመቱ ክሮቹ እየተበጠሱ ሥሩ ይሰፋል፣ አንድ ቀንም ይተረተራል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በቀዶ ሕክምና ይቀየራል። ምርመራው በሁለት ሳምንት ሲያልቅ ሐኪሟ ለወንድሞቿ የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፈችላት፤ ቶሎ ይመርመሩ የሚል።

ዘቢብ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ልጇ ስኒት ታጭታለች፤ የእጮኛዋ የናኦል ወገኖች አምስተርዳም ሆነው ዘር ያጣራሉ፣ በቤታቸው ምን በሽታ አለ ይላሉ። ሰርጉ ይለፍና እነግራቸዋለሁ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጅ ለመዳር ሲሆን ግን አፋችን ይታተማል። እኔም ብሆን እደብቀው ነበር፣ አልዋሽም። ፍሱሕ የሞተው ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ተኽሊት ወንበሩን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳ ሊይዙት የሞከሩትን ወንዶች ወዲያና ወዲህ ወረወራቸው። ክብሮም መሬት ላይ ነበር፤ ጭንቅላቱን ቢያገኘው አለቀለት። ዘቢብ ከጎኔ ተነሥታ መሀላቸው ገባች። ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ የተከለከለች ሴት የወንበሩን እግር በሁለት እጇ ያዘች።

"ፍሱሕን የገደልሁት እኔ ነኝ" አለች። "የደም ሥሩ ተተርትሮ ነው፤ ሬሳውን የመረመሩት ዛሬ ጠዋት ደውለው ነገሩኝ። ክብሮም ባይነካውም አይቀርለትም ነበር። ሐኪሟ ተመርመሩ ብላ ጽፋልኝ ስድስት ሳምንት ደበቅሁት። ያንተም ስም አለበት።"

ተኽሊት ወንበሩን ጣለው። ከዚያ በጥፊ መታት፤ ነጠላዋ ከራሷ ወረደ፣ ከንፈሯ ደማ። ሁላችንንም ልትጨርሺን ነበር ወይ እያለ ሊደግማት ሲል ዘልዬ እጁን ነከስሁት። አላፍርበትም።

ክብሮምን ሆስፒታል ወሰዱት፤ ተኽሊትንም ወንዶቹ ይዘውት ወጡ። ያኔ የናኦል እናት ወይዘሮ ነብያት፣ ጥግ ተቀምጠው ሁሉን የሰሙት፣ መጥተው ወለሉ ላይ ከተቀመጠችው ከዘቢብ ጎን ተቀመጡ። ጋብቻው ፈረሰ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው መሐረባቸውን አውጥተው የዘቢብን ከንፈር ጠረጉና ስኒት ተመርምራ እንደሆነ ጠየቁ። ዘቢብ ራሷን ነቀነቀች፤ አልተመረመረችም።

"ሰኞ እኔ ይዣት እሄዳለሁ፤ ልጄ ናት" አሉ ወይዘሮ ነብያት። "ለእኛ ብለው ነው የደበቁት? ቢነግሩን እኮ ምንም አንልም ነበር።"

ዘቢብ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። አሁን እሪ ብላ፣ ምንም ሊነካው የማይገባውን ደረቷን በሁለት እጇ ትደቃ ጀመር። እኔ ግራ እጇን፣ ወይዘሮ ነብያት ቀኟን ይዘን ወለሉ ላይ ተጫንናት። ልቀቁኝ እያለች ትለምነናለች። አልለቀቅናትም።